ትከሻ የሌለው እስክስታ

የቡሬ ልጅ ነኝ። እስክስታ ሲወረድ ቁጭ ብዬ ማየት አይሆንልኝም። ሰሞኑን አዲስ አበባ አንድ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽሩን አጠለቀልኝ፤ ሁለቱን መቆጣጠሪያዎች አስያዘኝ፤ አንድ ትራከር ወገቤ ላይ፣ ሁለት ደግሞ እግሮቼ ላይ አሰረልኝ። “በቃ፣ አሁን ሙሉ ሰውነትሽ ገብቷል” አለኝ። የጎጃም ዘፈን ተከፈተ። ወገቤን ይዤ ላብ እስኪያጠምቀኝ ወረድኩት። መነጽሩን ሳወልቅ ሁሉም በሳቅ ሞተዋል። ቅጂውን አሳዩኝ። እዚያ ውስጥ ያለችው እኔ እንደ ዳስ ምሰሶ ቀጥ ብላ ቆማ፣ አልፎ አልፎ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች።

መሣሪያው አልተበላሸም። የታዘዘውን ነው የሠራው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ስድስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ራስ፣ ሁለት እጅ፣ ወገብና ሁለት እግር። በመካከል ያለውን ሁሉ፣ ክርኑንም ጉልበቱንም ትከሻውንም፣ ከስድስቱ ተነሥቶ በስሌት ይገምታል። ሰው ሲራመድና ሲዘል ግምቱ ያስኬዳል። ጎጃሜ ግን ወገቡን ይዞ፣ እግሩን ተክሎ፣ ትከሻውንና ደረቱን ነው የሚያናግረው። እጅ ከወገብ አልተነሣም፣ ወገብ አልሄደም፣ እግር አልራቀም፤ ስለዚህ ለኮምፒውተሩ ምንም አልተፈጠረም። የጉራጌ ጭፈራ ቢሆን እግር ላይ ስለሚበረታ ቢያንስ ግማሹ ይተርፍ ነበር። የእኛ ግን ከነነፍሱ ይጠፋል።

ይህን ያደረገብን ማን ነው? የተለመደው መልስ “ፈረንጆቹ ለራሳቸው የሠሩት ነው” የሚል ነው። እኔ አልስማማም። ኤችቲሲ የቫይቭ ትራከርን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ትራከሩ የትኛውም የሰውነት ክፍል ላይ ቢታሰር ግድ የለውም። በስቲምቪአር የትራከር ዝርዝር ውስጥ ደረት፣ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ትከሻ የሚሉ ምርጫዎች ተቀምጠዋል። “ወገብና ሁለት እግር” የሚለው ሕግ አይደለም፣ ልማድ ነው። ልማዱን ሳንጠይቅ የገለበጥነው እኛ ነን።

እንግዲያው ልማዱን እንስበር። በብርሃን የሚሠራው ትራከር ያላችሁ፣ ሁለቱን ቤዝ ስቴሽን ፊት ለፊት በሚተያዩ የክፍሉ ማዕዘኖች፣ ከራስ ከፍታ በላይ፣ ወደ ታች አዘንብላችሁ ስቀሏቸው። መስታወት ካለ በጨርቅ ሸፍኑት፤ ብርሃኑን እየመለሰ ያሳስታል። ከዚያ እግሩን ተዉትና አንዱን ደረት ላይ፣ ሁለቱን ትከሻ ላይ እሰሩ። ኪሳችሁ ካልፈቀደ፣ እንደ ስላይምቪአር ያሉ ንድፋቸው ለማንም ክፍት የሆነና በእጅ የሚገጣጠሙ ትራከሮች አሉ። እነዚህ ቤዝ ስቴሽን አይፈልጉም፤ መዞርንና ማዘንበልን በውስጣቸው ባለው ሴንሰር ይለካሉ። ችግራቸው እየቆዩ አቅጣጫ መሳታቸው ነው። ስለዚህ በየዘፈኑ መካከል ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። ማሰሪያው ከላላ ደግሞ የምትመዘግቡት ትከሻውን ሳይሆን የማሰሪያውን መንቀጥቀጥ ነው። አቫታሩ ላይ ወዲያው ባያምር አትደንግጡ። ጥሬው እንቅስቃሴ ከተቀመጠ፣ ብሌንደርን በመሰለ ነጻ ሶፍትዌር በኋላ አካል ይለብሳል።

“ቪዲዮ አይበቃም ወይ?” የሚለኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ጂዮርጅ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ የተባሉ ሃንጋሪያውያን ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ መጥተው ጭፈራና ሙዚቃ መዝግበዋል፤ ማርቲን በ1967 ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዓይነቶች ጽፎ አሳትሟል። እናመሰግናለን። ፊልም ግን የሚያየው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ትከሻው ምን ያህል እንደተሰበቀ፣ በየትኛው ምት ላይ እንደወረደ ለክቶ አይሰጥም። ደግሞስ ስልሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ዛሬም ሌላ ሰው መጥቶ እስኪመዘግብልን ልንጠብቅ ነው?

“ሰው እየሞተ ይህ ቅንጦት ነው” የሚለውን ግን በቀላሉ አላልፈውም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ አገሬው ምን እንዳሳለፈ፣ ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ የእናትን ድምፅ መስማት እንኳ እንዴት ጭንቅ እንደነበር የፍኖተ ሰላምም የቡሬም ሰው ያውቃል። እኔን የሚያስቸኩለኝ ይኸው ነው። እስክስታን በትምህርት ቤት የተማረ ጎጃሜ አላውቅም፤ ሁላችንም የተማርነው ሰርግ ቤት፣ ዳስ ውስጥ፣ ትልልቆቹን እያየን ነው። ሰርጉ በቀረ፣ ጎረምሳው በተበተነ ቁጥር አንድ የመማሪያ ዓመት ይዘለላል። እነዚህ ርካሾቹ ትራከሮች ደግሞ አንዴ ከተዘጋጁ የሚፈልጉት ኮምፒውተርና የቤት ውስጥ ዋይፋይ ነው። ኢንተርኔት ቢዘጋም መመዝገባቸውን አያቆሙም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ትከሻውን ያስመዘገበ ሰው አስቀድሞ ፈቃዱ ይጠየቅ፣ ስሙ ይጻፍ፣ ይከፈለው። “የሕዝብ ባህል ነው” እየተባለ የአንዲት እናት ላብ በነጻ አይወሰድም።

ይህን ሁሉ አንብቦ ትከሻውን ሰብቆ የሚያልፍ ካለ፣ ይስበቅ። ግን መጀመሪያ ትራከሩን ይሰርበት።