የጎፋ ለቅሶ የእኛም ለቅሶ ነው



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን፣ በሩቅ አገር የተፈጥሮ አደጋ ለሚደርስበት ወገን የሚሆን ገንዘብ ይቀመጥ ሲባል ሁለት ተቃውሞ ተሰምቷል። አንደኛው፣ «ዕድር የተቋቋመው ለአባል ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «መቅሠፍት የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፤ እኛ ምን አግብቶን» የሚል ነው። ጸሐፊ እንደ መሆኔ ሁለቱንም በቃለ ጉባኤ አስፍሬአለሁ። አሁን ደግሞ የራሴን አሳብ ልናገር።

በመጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ፣ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጩኸት የሰማ ሁሉ ሮጦ በአካፋም በእጁም ጭቃውን ሲቆፍር፣ ናዳው እንደገና መጣና በላያቸው ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሊያድኑ ሄደው ከቀሩት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ ነበሩበት፤ መምህራንና የጤና ሠራተኞችም ሞተዋል።

ታዲያ እነዚህን ነው በኃጢአታቸው ተቀጡ የምንላቸው? በወንጌል እንደ ተጻፈው፣ በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው በገደለ ጊዜ፣ ጌታ ሟቾቹ ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች አለመሆናቸውን ተናግሮ፣ ንስሐውን ወደ ሰሚዎቹ ነው ያዞረው። እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ ለሚለው፣ እኔ አንደኛ ደረጃ ብቻ የተማርኩ ሰው መልስ የለኝም። ነገር ግን አካፋ ይዞ የሮጠው ሰው እምነቱን በሥራ አሳይቷል፤ ይህን ለማየት ትምህርት አያስፈልግም።

«ለአባል ብቻ» ለሚለውም፣ ደጉ ሳምራዊ የረዳው ሰው ወገኑ አልነበረም። ደግሞም አይዞህ ብሎ ብቻ አላለፈም። ቁስሉን አሠረ፣ በአህያው ጫነው፣ ለማደሪያውም ከኪሱ ከፈለ። ርኅራኄ ወጪ አለው።

እኛ ዕድርተኞች ሐዘን የገባበት ቤት ምን እንደሚያስፈልገው እናውቃለን፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ንፍሮ፣ አብሮ የሚቀመጥ ሰው። ናዳ ግን ለቅሶ ደራሹንም አብሮ ይወስዳል። ቀባሪው ሲቀበር ማን ይድረስ? ሌላ ሠፈር ያለ ዕድር ነው እንጂ!

ስለዚህ የማኅበሩን ዋና ገንዘብ ሳንነካ፣ የፈቀደ አባል በየወሩ 10 ብር ለብቻው በሚያዝ መዝገብ ያዋጣ እላለሁ። ሒሳቡም በየሦስት ወሩ በዚሁ ሰሌዳ ይለጠፍ። በክርስትና አሳብ ብናገርም፣ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሰደቃን ከእኛ አይማሩም፤ አብረውን እንደሚቆሙ አልጠራጠርም።

በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ፣ ደጃፋችን ላይ ንፍሮ ቀቅለን ለአላፊ አግዳሚው ስናዘግን «አባል ነህ ወይ?» ብለን አንጠይቅም እኮ።

ጉዳዩ በሚመጣው ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል። እንዳትቀሩ።

የዕድሩ ጸሐፊ
ልደታ፣ አዲስ አበባ