ደላላው ሲያጣድፋችሁ ኮፈኑን ክፈቱ

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን። የዕቁብ ብራችንን አንድ ላይ አድርገን ያገለገለ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ልንገዛ ነው። ድንኳንና የማብሰያ ዕቃ በትንሽ ተሳቢ እየጎተትን ሰው ወደ ባሌና ወደ አፋር ለመውሰድ አስበናል። ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቀብድ ቶሎ አስይዙ» እያለ ያጣድፈናል። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ «ሻጩ የአጎቴ ልጅ ነው፣ መካኒክ ይዞ መሄድ ነውር ነው» ይላል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዎቻችን፣ ሐሳባችሁ ግሩም ነው። እኛን ያሰጋን ግን ከመኪናዋ ይልቅ ችኮላውና ይሉኝታው ነው። የአጎት ልጅነት የተቃጠለ ጓርኒሲዮን አይቀይርም! መካኒክ ይዞ መሄድም ስድብ አይደለም፤ መኪናዋ ደህና ከሆነች ሻጩ ምን ይጎዳል?

ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ። አስነስቶና አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች ማለት ነው። ከሞቀች በኋላም ነጩ ጭስ ካልጠፋና የራዲያተር ውኃ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታ ጣጣ ሊኖር ይችላል። ጥቁር ጭስ ሲበዛ ደግሞ የአየር ማጣሪያውን ወይም የናፍጣውን መስመር አስፈትሹ።

ቀጥሎ ከሥሯ ግቡ። አዲስ ቀለም ዓይን ያታልላል፣ ሻንሲ ግን አይዋሽም። ብየዳ፣ ስንጥቅ ወይም ዝገት ካያችሁበት ለተሳቢ አትሆንም። ባሌስትራዋ ላይ ቅጠል ከተጨመረ ብዙ ጭነት ስትሸከም ኖራለች ማለት ነው።

ፎር ዊሏን አፈር መንገድ ላይ ሞክሩ። ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ መዞር ራሱ ማርሹን ይጎዳል። ከዚያ ዳገት ላይ ነዳጅ ስጧት። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቷ ካልጨመረ ፍሪሲዮኗ አልቋል፤ ተሳቢ ደግሞ ቀድሞ የሚበላው ፍሪሲዮን ነው።

የትኛው ሞተር ይሻላል? ቱርቦ የሌላቸው የድሮዎቹ የሀይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች፣ ባለ 2.8ቱም ሆነ ባለ 3.0ው ሊትር፣ ቀርፋፋ ናቸው፤ ግን የገጠር መካኒክም ይደፍራቸዋል። የኋለኞቹ ባለ ቱርቦዎች ጉልበት አላቸው። ኢንጄክተራቸው ግን ቆሻሻ ናፍጣ አይወድም፣ ሲበላሽም ኪስ ያራግፋል። ባሌ ላይ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ አየር ስለሚያጥረው ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። አፋር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። የአዲስ አበባ ብርድ የደበቀውን የደከመ ራዲያተር የአፋር ሙቀት ያጋልጠዋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቢያንስ ረጅም ዳገት ላይ ጭነት ጭናችሁ የሙቀት መለኪያውን ተመልከቱ።

ስለ መጎተት አንድ ነገር አስምሩበት። የራሱ ፍሬን የሌለው ትንሽ ተሳቢ አብዛኛውን ጊዜ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ይወሰናል። 5 ሰው፣ 100 ሊትር ውኃ፣ ድንኳንና ስኮርታ ሲደመር ፒክአፗም ራሷ ጭነት አላት። መጎተት አይደለም አስቸጋሪው፣ ማቆም ነው! ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ረግጣችሁ ብቻ ከወረዳችሁ ይግልና እምቢ ይላችኋል። ያን ጊዜ የምትከፍሉት ገንዘብ ሳይሆን ያመናችሁን ሰው ነፍስ ነው።

ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ይመሳከር። ዕዳና እግድ እንደሌለባት ሳታረጋግጡ ሰባራ ሳንቲም አትክፈሉ። ከብራችሁም የተወሰነውን ለጎማ፣ ለፍሬንና ለዘይት አስቀሩ፤ ሁሉን ለመግዣ የጨረሰ ሰው የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ነው የሚቆመው።

በመጨረሻም፣ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ብልሽት ሲመጣ ማን እንደሚከፍል፣ አንዳችሁ መውጣት ብትፈልጉ እንዴት እንደሚሆን ዛሬውኑ ተጻጽፋችሁ ፈርሙ። ያን የአጎት ልጅ ነገርም ጓደኛችሁን ሳታስቀይሙ «መካኒኩ ለእኛም ለእሱም ምስክር ይሁን» በሉት። ደላላውን ደግሞ ተዉት፣ ይጠብቅ። ሌላ ገዢ ከወሰዳትም ሌላ ፒክአፕ አይጠፋም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? መልካም ጉዞ!