መምከርና ማማከር፦ የአእምሮ ጤና አማካሪ በማኅበረሰቡ መካከል

«አማካሪ» የሚለው ቃል ሲነሣ በብዙዎቻችን ኅሊና የሚቀረጸው ምስል፣ ዕድሜና ልምድ ያካበተ፣ የተቸገረ ሰው ሲመጣበት «እንዲህ ብታደርግ ይሻልሃል» ብሎ መንገድ የሚያመላክት አዋቂ ነው። በአእምሮ ጤና ዘርፍ ግን የአማካሪ ዋነኛ ተግባር ምክር መለገስ አይደለም። መጠየቅ፣ ማዳመጥ፣ ባለጉዳዩም የራሱን መፍትሔ አንጥሮ እንዲያወጣ ማገዝ ነው። ይህን ልዩነት ካልተገነዘብን ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ መውደቃችን አይቀርም። ወይ «ምክርማ ሽማግሌውም ይሰጣል» ብለን ሙያውን እንንቃለን፤ ወይ ደግሞ ያለ ሐኪም የማይነካ ነገር አድርገን ከሕዝቡ እናርቀዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሁለቱም የተሻለ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ማሳየት ነው።

ከዛፍ ሥር የተጀመረ ሳይንስ

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የምናገኘው ከዚምባብዌ ነው። የሀገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 በከተሞች ባካሄደው የማፍረስ ዘመቻ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት መሠረት፣ ወደ 700,000 የሚጠጉ ሰዎች መኖሪያቸውን ወይም መተዳደሪያቸውን አጥተዋል። በወቅቱ የሀገሪቱ የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ፣ ምባሬ በተባለችው የሐራሬ ሠፈር አገልግሎት ለመጀመር ሲነሡ ነርሶቹ በሥራ ተወጥረው፣ የጤና ጣቢያው ክፍሎችም ተጨናንቀው አገኟቸው። የተረፉላቸው በማኅበረሰብ ጤና ሥራ የተሰማሩ 14 አያቶችና ከግቢው ዛፍ ሥር ያለው ቦታ ብቻ ነበሩ። «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» የተሰኘው አገልግሎት የተወለደው በዚህ መልክ ነው።

ወንበሩ ላይ የሚካሄደው ግን ተራ ጨዋታ አይደለም። በመጀመሪያ በሾና ቋንቋ የተዘጋጁና «አዎን» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚመለሱ 14 ጥያቄዎች ይቀርባሉ። ከእነዚህ አንዱ ሾናዎች «ኩፉንጊሲሳ» የሚሉትን፣ ትርጉሙም «ብዙ ማሰብ» የሆነውን ስሜት ይመለከታል። «ሐሳብ በዛብኝ» እያልን ላደግን ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቀጥሎ ባለጉዳዩ ችግሮቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከዝርዝሩም አንዱን ራሱ ይመርጣል፤ መፍትሔ ሊሆኑ የሚችሉ ሐሳቦችን ያወጣል፤ በሳምንት ውስጥ ሊፈጸም የሚችል ትንሽ ተግባርም ይቀይሳል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የተሳካለትንና ያልተሳካለትን ይናገራል። ቀጠሮዎቹ እስከ ስድስት ሊደርሱ ይችላሉ።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመውና በ24 የሐራሬ ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን ያሳተፈው ጥናት፣ ጤና ጣቢያዎቹን በዕጣ በሁለት ወገን መድቦ አነጻጽሯል። ከስድስት ወራት በኋላ የድባቴ ምልክት የታየባቸው፣ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት መካከል 49.9 በመቶ፣ ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት መካከል ግን 13.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህም ነጠላ ክሥተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ በታተመው፣ በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ 30 መንደሮች በተካሄደ ጥናት፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች የመሩት የቡድን ውይይት ከፍተኛ ለውጥ አሳይቷል።

እንዲህ ያለ ቀላል የሚመስል ዘዴ ለምን ይሠራል? ድባቴ ሰውን ከሚያጠቃባቸው መንገዶች አንዱ ተነሣሽነቱን መንጠቅ ነው። ሰውየው ምንም ስለማያደርግ የሚያስደስተው ነገር አያገኝም፤ ስለማያገኝም ይበልጥ ይደክማል። ይህን አዙሪት ለመስበር ትልቅ ድል አያስፈልግም። ራሱ መርጦ ራሱ የፈጸማት አንዲት ትንሽ ተግባር «ሕይወቴ በእጄ ነው» የሚለውን ስሜት መልሳ ልትዘራ ትችላለች። ምክር የማይተካው ነገር ይኸው ነው። መፍትሔው ከመካሪው አፍ ከወጣ ድሉም የመካሪው ይሆናልና።

ወደ እኛ ስንመለስ

በሀገራችን ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል የሚታወሰው በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያዎች ለማውረድ ብዙ ተደክሟል። ከሁሉም ለዚህ ጽሑፍ ጭብጥ የሚቀርበው በጉራጌ አካባቢ ወረዳዎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ ሕመም ያለባቸው 166 ሰዎች ተሳትፈዋል። ለገሚሶቹ ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ፣ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ለእነርሱና ለቤተሰባቸው ድጋፍ ሰጥተዋል። ከ12 ወራት በኋላ የእነዚህኞቹ የዕለት ተዕለት ኑሮ በሕመሙ የመሰናከሉ መጠን ሕክምና ብቻ ካገኙት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ «ዕድሩ፣ ሽማግሌው፣ የንስሐ አባቱ እያሉ አማካሪ ምን ያደርጋል?» ለሚሉ ወገኖች መልሳችን እነዚህ ተቋማት አያስፈልጉም የሚል አይደለም። ሐዘንተኛን ብቻውን የማይተው ዕድር ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን የሽማግሌ ድርሻ ማስታረቅ፣ የንስሐ አባት ድርሻም መንፈሳዊ ሕይወትን መምራት ነው። ሁለቱም በባሕርያቸው ጥፋተኛውንና ትክክለኛውን መለየት ግድ ይላቸዋል። አማካሪው ግን አይፈርድም። አንዲት ሴት ልጇን መውደድ እንዳቃታት፣ አንድ ወጣትም መኖር እንደሰለቸው የሚናገሩት ለማይፈርድ ጆሮ ነው።

ስለ መኖር መሰልቸት ካነሣን ዘንድ፣ ሠልጣኝ አማካሪ ከተራ አጽናኝ የሚለይበትን አንድ ነጥብ እንጥቀስ። ብዙዎች «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ያሳድራል ብለው ይፈራሉ። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን በቀጥታና በርኅራኄ መጠየቅ አደጋውን እንደማይጨምር ነው። አማካሪው ይህን ጥያቄ መጠየቅ፣ መልሱ «አዎን» ከሆነም ሰውየውን ብቻውን ሳይተው ወደ ላቀ ሕክምና ማድረስ ይጠበቅበታል። የአቅሙን ወሰን ማወቅ የሙያው ክብር እንጂ ጉድለቱ አይደለም።

ሦስት ግዴታዎች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በትንሽ ቀበሌ ውስጥ ሰው በሽታውን የሚደብቀው በከንቱ አይደለም። ዛሬ ለጎረቤት የነገረው ነገ በቡና ላይ ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዴታ ምሥጢር መጠበቅ ነው። ከሕይወት አደጋ በስተቀር ምንም ነገር ከወንበሩ እንዳይሻገር አማካሪው ቃል ይግባ፤ የሚያሠራው ተቋምም ይህን በሥርዓት ያስከብር።

ሁለተኛው የቅርብ ክትትል ነው። በሐራሬም ሆነ በሌሎች ስኬታማ ሙከራዎች፣ ከማኅበረሰቡ የተገኙት አማካሪዎች አስቸጋሪ ጉዳይ ሲገጥማቸው የሚያማክሩት የበላይ ባለሙያ ነበራቸው። የሰው ሐዘን ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ሰው እርሱንም የሚሰማው ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ደመወዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው መርሐ ግብር የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከክትባት እስከ ወሊድ ብዙ ኃላፊነት ተሸክመዋል። ማማከርንም በእነርሱ ጫንቃ ላይ መደረብ ሁለቱንም ሥራ ማበላሸት ይሆናል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት በየጤና ጣቢያው ራሱን የቻለ የአማካሪነት የሥራ መደብ ሊኖር ይገባል። ከየዩኒቨርሲቲው በሥነ ልቦና የሚመረቁ ወጣቶችም ከማኅበረሰቡ የተመረጡትን አማካሪዎች የሚያሠለጥኑና የሚከታተሉ ባለሙያዎች ሆነው ቢመደቡ፣ የተማሩት ትምህርት ተገቢ ቦታውን ያገኛል።

«ይህ ለድኃ የታሰበ ርካሽ ሕክምና ነው» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። በእርግጥ ከላይ የተዘረዘሩት ግዴታዎች ከተጓደሉ ተቃውሞው ትክክል ይሆናል። ከተሟሉ ግን ከላይ ያየናቸው ጥናቶች ተቃራኒውን ይመሰክራሉ። ማነጻጸር ያለብንም አማካሪውን በከተማ ካለው ሐኪም ጋር ሳይሆን፣ ዛሬ በአብዛኛው የገጠር ቀበሌ ካለው እውነታ ማለትም ከዝምታ ጋር ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ በሳይንስ ስም የምንኮራባቸው ነገሮች ሁሉ በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ የሚታዩ አይደሉም። በትክክል የተጠየቀ ጥያቄና በትዕግሥት የተሰማ መልስም ይለካሉ፣ ይነጻጸራሉ፣ ይሻሻላሉ። ከእናንተ መካከል የሙያ ምርጫ በሚሞላበት ወቅት ይህን መስክ የሚያስቡ ካሉ፣ «ማውራት ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የሚል ሰው ይገጥማቸዋል። መልሱ አጭር ነው፦ ማውራት አያስፈልገው ይሆናል፤ ማዳመጥ ግን ያስፈልገዋል።