እምነት መተው በሽታ አይደለም፣ እንቅልፍ ማጣቱ ግን ይታከማል

የዛሬው ርዕስ አንዳንዶቻችሁን ያስቆጣ ይሆናል። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ኮሜንት ላይ እንገናኝ።

"ጨጓራ" ብለው ከሚመጡ ወጣቶች መካከል ምርመራቸው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ የማይለቃቸው አሉ። በሩን ዘግተን ረጋ ብለን ስናወራ አንዳንዴ ሌላ ነገር ይወጣል። "ዶክተር፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆምኩ ሁለት ዓመቴ፤ ቤተሰብ አያውቅም።" "ሶላት ትቻለሁ፣ ግን አዛን ስሰማ ልቤ ይመታል።" አንዱማ "አላምንም፣ ግን ረቡዕ ሥጋ ከበላሁ ያቅለሸልሸኛል" አለኝ።

ይሄ የሚገርም ነገር አይደለም። አጽዋማቱን በሙሉ የሚጾም ኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 የማያንስ ቀን ከሥጋና ከወተት ይርቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ የኖረ ሰው፣ ጭንቅላቱ ሐሳቡን ቢቀይርም አንጀቱ ገና ወሬውን አልሰማም። አእምሮ "አደጋ አለ" ሲል አድሬናሊን ይለቀቃል፤ ልብ ይመታል፣ ሆድ ይገለባበጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ይህ ቅጣት ሳይሆን ልማድ ነው። ስለ እምነቱ እውነትነትም ምንም አይነግረንም፤ ማቅለሽለሽ ለየትኛውም ወገን ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዲኤስኤም 4 መመሪያ ላይ "የሃይማኖት ወይም የመንፈሳዊነት ችግር" የሚል ርዕስ ጨመረ። እምነትን ማጣትና መጠራጠር የሚያመጡት ጭንቀት እዚያ ውስጥ አለ። ልብ በሉ፤ የተቀመጠው ከአእምሮ ሕመሞቹ ጋር ሳይሆን ሐኪም ሊያዳምጣቸው ከሚገቡ የሕይወት ጉዳዮች ጋር ነው።

ስለዚህ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው "ማስቀደስ ትቷል፣ አእምሮው ተነክቶ ነው፤ ዶክተርዬ፣ መርፌም ቢሆን ይሰጠው" ሲሉኝ፣ "እናቴ፣ ለዚህ መርፌ የለኝም" ነው መልሴ። እንባቸው ግን የእውነት ነው። ልጁን ለዘላለም ያጡት ይመስላቸዋል፤ ይህን ሐዘን "ኋላ ቀርነት" ብሎ ማለፍ ጭካኔ ነው።

ልጁ ቅዳሴውን ብቻ ሳይሆን ኳሱንም፣ ጓደኞቹንም፣ ምግቡንም ትቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ የምጠረጥረው ድብርትን ነው፤ እሱ ደግሞ ሕክምና አለው። በሌላ በኩል ውዱውን አሥር ጊዜ የሚደግም ወይም የተናዘዘውን ኃጢአት ሳምንቱን ሙሉ እየመላለሰ የሚናዘዝ ሰው ኦሲዲ ሊኖርበት ይችላል። እሱም በንግግር ሕክምና እና እንደ ፍሉኦክሰቲን ባሉ መድኃኒቶች ይታከማል። ለውጡን ለማየት ግን እስከ ሦስት ወር መታገስ ያስፈልግ ይሆናል። ለመዳን ሃይማኖቱን መተው የለበትም።

አስባችሁበት ለተዋችሁት የኔ አስተያየት ይኼ ነው። ጸጸቱ ሲመጣ "ማንን ጎዳሁ?" ብላችሁ ጠይቁት። ስም ካለው፣ ለምሳሌ እናታችሁን ዋሽታችሁ ከሆነ ወይም የሰው ገንዘብ በልታችሁ ከሆነ፣ ጸጸቱ ሥራውን እየሠራ ነው፤ አስተካክሉት። የተጎዳ ሰው ከሌለ ግን ሌባ ሳይኖር የሚጮኽ አላርም ነው። ጮኾ ጮኾ እስኪደክመው መጠበቅ ይቻላል፤ በመጠጥ ማፈን ግን አያዋጣም። ይህን ያልኩት በምክንያት ነው፣ ብዙ አይቻለሁ።

ደስታ የሚጎድለው ደግሞ ሁልጊዜ በጸጸት ብቻ አይደለም። የእሁዱ ጓደኛ፣ ማኅበሩ፣ ጀመዓው፣ ሲታመሙ የሚጠይቀው ሰው አብሮ ይሄዳል። ብቸኝነት ደግሞ ጤና ይጎዳል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን የምትገናኟቸው ሰዎች ይኑሯችሁ፤ የእግር ጉዞም፣ የበጎ ፈቃድ ሥራም ይሁን። አማኝ ጓደኞቻችሁንም አትሽሹ።

ለቤተሰብ መናገር? መኖሪያችሁና የትምህርት ክፍያችሁ በእነሱ እጅ ከሆነ አትቸኩሉ። በተለይ የፋሲካ ዶሮ ቀርቦ እያለ አታፈንዱት፣ እባካችሁ።

እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ሥራና ትምህርት ካቃታችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ የአእምሮ ጤና ክፍል ሂዱ። ስለ እምነታችሁ የነገራችሁት የሕክምና ምስጢር ነው፤ ባለሙያው ለቤተሰብ ያለ ፈቃዳችሁ ሊናገር አይገባም። "ብሞት ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ከምታምኑት ሰው ጋር ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።