ቁጣና ማመልከቻ

አከራዬን እማማ እላቸዋለሁ። የጤና መድን ደብተራቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ከሣጥን ውስጥ ያኖራሉ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረ፣ ገበሬውና የወር ደመወዝ የሌለው ከተሜ በየዓመቱ መዋጮ ከፍሎ በመንግሥት ሐኪም ቤት የሚታከምበት ነው። ታዲያ ባለፈው ወር ከአንድ ሐኪም ቤት ቢሄዱ፣ «የደም መመርመሪያው ተበላሽቷል፤ ውጪ አሠርተሽ ነይ» ተባሉ። በዕቁባቸው ገንዘብ ውጪ አሠሩ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ጎረቤታቸው እዚያው ሐኪም ቤት ያንኑ ምርመራ አገኘች!

ደሜ ፈላ። የተማርሁት ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ ነው ብዬ ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍሁ። የቅሬታ ሰሚው ሹም በትዕግሥት አንብበው፣ «መምህር፣ ጽሑፍዎ ያምራል። ግን ቀኑ መቼ ነበር? የካርድ ቁጥሩስ? ምን እንዲደረግላችሁ ትፈልጋላችሁ?» አሉኝ። በሦስቱም ገጽ አንዱ እንኳ አልነበረም። ማፈሬን አልደብቅም። እማማ ግን ከመሐረባቸው ደረሰኙን አወጡ፤ ቀኑም ብሩም ተጽፎበታል። «ብሬ ይመለስልኝ፤ ሁለተኛም አንቺ አልባል» አሉ። ለካ ከገንዘቡ ይልቅ ያቆሰላቸው «ነይ» መባላቸው ኖሯል።

ሁለተኛው ማመልከቻ ግማሽ ገጽ ሆነ። ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመታን። (በመዝገብ ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቼ፣ ይህችን ማኅተም ለባለጉዳይ አትንፈጓት።) አንዱን ቅጂ ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ሰጠን፤ ለሐኪም ቤቱ የሚከፍለው እርሱ ነውና።

ከዚያ በላይ ጤና ቢሮ አለ፤ የሐኪም የሙያ ጥፋት ሲሆን ደግሞ የባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ። በዐዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደልን በቃልም በጽሑፍም ያለ ክፍያ ይሰማል፤ ባለጉዳዩ ከአልጋ ቢውል የትዳር ጓደኛው ወይም ቤተ ዘመዱ ሊያመለክትለት ይችላል። ጉዳት ደርሶ የካሣ ክስ ቢያስፈልግ ግን ቀን መቁጠር ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2143፣ ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት የሚሰጠው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ለጤነኛ ሰው ይበዛል፤ ለአስታማሚ ግን እንደ ሁለት ሳምንት ያልፋል።

የእማማ መልስ ገና አልመጣም። ለማክሰኞ ተቀጥረናል። «ልጄ፣ ያን ዕለት አንተ ዝም በል፤ እኔ እናገራለሁ» ብለውኛል።