ስለ ጆርጅ ማክገቨርን፤ ለሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች የተሰጠ መልስ



ባለፈው የክርክር ምሽት «የጦር ሰው የነበረ የሕዝብ አገልጋይ ሊሆን ይችላልን?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ የአሜሪካዊው ሴናተር የጆርጅ ማክገቨርን ስም በምሳሌነት ተጠርቶ ነበር። አንደኛው ወገን፣ ሰውየው የጦር አውሮፕላን ነጂ ስለ ነበሩና ስለ ጀግንነታቸው ኒሻን ስለ ተቀበሉ ይመስገኑ አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቦንብ የጣለ እጅ ስንዴ ቢያድልም ያው እጅ ነው፤ ስንዴውም የአሜሪካን ገበሬ ትርፍራፊ ነው ሲል አጣጣለ። ጭብጨባው ለሁለቱም እኩል ነበር። እኔ ግን ሁለቱም ሰውየውን አላወቋቸውም ባይ ነኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ለአመስጋኞቹ። ማክገቨርን በ1922 በደቡብ ዳኮታ ከአንድ ሰባኪ ቤት ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ 24 የሚባለውን ባለ አራት ሞተር ቦንብ ጣይ እየነዱ ከደቡብ ኢጣልያ 35 ጊዜ ዘምተዋል። በዲሴምበር 1944 አውሮፕላናቸው ተጎድቶ ሳለ ቪስ በምትባል የአድሪያቲክ ደሴት ላይ፣ ለእንዲህ ያለ አውሮፕላን በማይበቃ አጭር ሜዳ አሳርፈው የባልደረቦቻቸውን ሕይወት አተረፉ። ኒሻኑ የመጣው ከዚህ ነው። መልካም፤ ያስመሰግናል። ዳሩ ግን በዚያ ጦርነት ኒሻን ያገኘው አውሮፕላን ነጂ ብዙ ነው፤ ሁሉም ማክገቨርን አልሆነም።

እኔ የማስበው ሌላውን ቀን ነው። በማርች 1945 አንድ ቦንብ ከመጣያው ተሰክቶ አልወርድም አለ። ባልደረቦቻቸው ሲታገሉት ቆይተው ሲላቀቅ ኦስትሪያ ውስጥ ከአንድ ገበሬ ቤት ላይ ወደቀ። ጊዜው እኩለ ቀን ነበር። ማክገቨርን የገበሬ አገር ልጅ ናቸውና በዚያ ሰዓት ቤተሰቡ ገበታ ላይ እንደሚሆን አወቁ። ወደ ጦር ሰፈር ሲመለሱ የመጀመሪያ ልጃቸው መወለዷን የሚያበስር ቴሌግራም ጠበቃቸው። ማንም ያልከሰሳቸውን ክስ አርባ ዓመት ተሸክመው ኖሩ። በ1985 ነገሩን በኦስትሪያ ቴሌቪዥን ሲናገሩ ያ ገበሬ ራሱ ወደ ጣቢያው ደወለ፤ አውሮፕላኑን አይቶ ሚስቱንና ሴቶች ልጆቹን ይዞ ከቦይ ውስጥ ተደብቆ ነበርና አንድም ሰው አልሞተም። ከሰማይ የሚጥል ሰው የጣለው የት እንዳረፈ አይጠይቅም፤ እኚህ ሰው ጠየቁ። በ1945 ጦርነቱ እንዳበቃም ለሰሜን ኢጣልያ ሕዝብ በአውሮፕላን ምግብ አጓጉዘዋል።

አሁን ለነቃፊዎቹ። ስለ ስንዴው የተናገሩት እውነት ነው፤ አልክድም። የ1954ቱ የአሜሪካን የእህል እርዳታ ሕግ የወጣው ለተራበው በማዘን ብቻ አይደለም፤ ጎተራውን ያጣበበውን ትርፍ ምርት ለማራገፍ ጭምር ነው። ማክገቨርንም በ1961 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተሹመው «ምግብ ለሰላም» የተባለውን መሥሪያ ቤት ሲመሩ የመራጮቻቸው የዳኮታ ገበሬዎች ጥቅም ከልባቸው አልጠፋም። በ1970ዎቹ መጀመሪያም ከዚያ እህል ትልቁ ክፍል ለሳይጎንና ለፕኖም ፔን መንግሥታት መደገፊያ ሆነ። ይህ ሁሉ ይጻፍ።

ነገር ግን ዓላማቸው የተረፈ ስንዴ መሸጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከ1968 ጀምሮ የምግብ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው «በሀብታሚቱ በአሜሪካን ውስጥ ረኀብ አለ» ብሎ መመስከር ምን ያተርፍላቸው ነበር? ከተቃራኒው ፓርቲ ከቦብ ዶል ጋር ተባብረው ያቆሙት የትምህርት ቤት ምገባ በኋላ በሁለቱም ስም ተጠርቶ እኛው አገር አፋር ድረስ ደርሷል። ያን ምሳ የበላ ልጅ ትርፍራፊ በላህ ቢሉት ምን እንደሚመልስ ነቃፊዎቹ ሄደው ይጠይቁት።

የሚገርመው ግን፣ ነቃፊዎቹ ትልቁን ጥፋት ሳያነሡት መቅረታቸው ነው። ማክገቨርን ገና በ1963 የቪየትናምን ጣልቃ ገብነት በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተቃውመው ሳለ፣ በኦገስት 1964 ለፕሬዚዳንት ጆንሰን የጦርነት በር የከፈተውን የቶንኪን ውሳኔ ደገፉ። በዚያ ቀን በምክር ቤቱ እምቢ ያሉት ሁለት ሰዎች፣ ሞርስና ግሩኒንግ ብቻ ነበሩ። ሦስተኛው ማክገቨርን መሆን ይገባቸው ነበር፤ አልሆኑም። ለዚህ ማመካኛ አልፈልግላቸውም።

በሴፕቴምበር 1970 ጦሩ ከቪየትናም እንዲወጣ ከሴናተር ሃትፊልድ ጋር ያቀረቡት ሐሳብ ድምፅ ሊሰጥበት ሲል ተነሥተው ተናገሩ። 50,000 ያህል ወጣት ወደ መቃብር በመላኩ እዚህ የተቀመጥን እያንዳንዳችን ድርሻ አለን፤ ይህ አዳራሽ ደም ደም ይሸታል አሉ። «እናንተ» አላሉም፤ የ1964ቱን ድምፃቸውን አልረሱትምና። በ55 ለ39 ተሸነፉ። ከእኛ አገርም ሆነ ከሌላ አገር ስንት ባለሥልጣን ነው የፈረመውን ወረቀት የእኔ ነው ብሎ በአደባባይ የሚቆም? እኛም ነገ በየጠረጴዛው ተቀምጠን ለማናየው ሰው እንፈርማለንና ጥያቄው የሩቅ አይደለም።

በ1972 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ተቀናቃኞቻቸው ልፍስፍስ አደረጓቸው። ተወዳዳሪያቸው ኒክሰን በዚያው ጦርነት በፓሲፊክ በኩል የጭነት ጉዳይ የሚያስፈጽሙ የባሕር ኃይል መኰንን ነበሩ። 35ቱን ዘመቻ አውጥቶ መልስ መስጠት ቀላል ነበር፤ እርሳቸው ግን እምብዛም አላነሡትም። በ49 ክፍላተ ሀገር ተሸነፉ፤ ማሳቹሴትስና ዋሽንግተን ከተማ ብቻ ቀሩላቸው። አመስጋኞች ሆይ፣ ሰውየው ራሳቸው ለሥልጣን መወጣጫ ያላደረጉትን ኒሻን እናንተ ምን ቤት ናችሁና ከመቃብራቸው ላይ ትሰቅሉታላችሁ?

ለመምህራኖቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ማክገቨርን በ1953 የታሪክ ዶክተር የሆኑት በ1913 እና 1914 ስለ ተደረገው የኮሎራዶ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች አድማ ጽፈው ነው። በዘመኑ ለሹመት የሚያበቃ ርእስ አልነበረም።

በ2012 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። «ያው እጅ ነው» ያለው ጓደኛዬ አሁንም በቃሉ ከጸና፣ የ1964ቱንና የ1970ውን ድምፅ አሰጣጥ አስተያይቶ መልሱን ለአዘጋጆቹ ይላክ። እስከሚቀጥለው እትም እጠብቃለሁ።