የቪዲዮ ቤቱን በር ከመዝጋት የሚታየውን ፊልም መምረጥ ይሻላል



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ «ቪዲዮ ቤቱ ይዘጋ፤ ልጆቻችንን ያበላሸው እሱ ነው» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ እጅ ወጥቷል። እኔ ቃለ ጉባዔ ስይዝ ስለነበር ሳልናገር ቀረሁ። አሁን ግን ዝም ማለቱ ደግ ስላልመሰለኝ ተቃውሞዬን በዚህ ሰሌዳ ላይ እገልጻለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ፊልም ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አያለሁና የማውቀውን ልናገር።

በመጀመሪያ እውነቱን እንመን። ቪዲዮ ቤቱ ከሚያሳየው አብዛኛው የማይረባ ነው፤ ይህን አልክድም። የውጭው ተኩስና ካራቴ ነው። የአማርኛውም ቢሆን አንዱን ያየ ሁሉንም እንዳየ ይቆጠራል። የአዲስ አበባ ቪላ፣ የሚያብረቀርቅ መኪና፣ የሀብታም ልጅ ድሀ ትወዳለች፣ አባት ይቆጣል፣ መጨረሻው ሠርግ። እኮ ይህን ሁሉ የሚያበላው ማነው? ላቡን ጠብ አድርጎ የሚሠራ ሰው በፊልሙ ውስጥ የለም። ሰሊጡን ማን እንደሚያጭደው፣ ሳሉጉ ከደጋ ወርዶ በወባና በካላዛር እንዴት እንደሚንገላታ የነገረን ፊልም እኔ አላየሁም። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ ስትነሣም አላየሁም። ፊልም ሠሪዎች ሆይ፣ እዚህ ቆላም ሰው አለ!

ቢሆንም እንክርዳድ በዛ ተብሎ ስንዴው አይጣልም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በቡርኪና ፋሶ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት አግኝቷል። ጀርመን አገር ተምሮ በደርግ ዘመን ወደ መንደሩ የተመለሰ ሰው ታሪክ ነው። ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ የሚደበቁትን ልጆች ሳይ ያን ዘመን አስታውሼ አልቅሻለሁ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2007 ዓ.ም. ካን ላይ ታይቷል። እናቱ የሞተችበት ሕፃን፣ አባቱ ዘመድ ቤት ጥሎት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ለልጁ የቀረችው አንዲት በግ ናት፤ እሷንም ለበዓል ሊያርዱበት ይላሉ። ነገሩ ከእኛ ሩቅ ነው? በየዓመቱ ለአጨዳ እኛ ዘንድ የሚወርደው ሰውዬ እኮ ልጁን እንዲሁ ጥሎ ነው የሚመጣው። «ድፍረት» ደግሞ ስለ ጠለፋ ነው፤ የተሠራውም በእውነት ከደረሰ ነገር ተነሥቶ ነው። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ነበር፤ በኋላ ታየ። ሴት ልጅ ያለው ሁሉ ሊያየው ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የቴዎድሮስ ተሾመ «ሦስት ማዕዘን» ነው።  አሜሪካ እንገባለን ብለው በረሃና ባሕር የሚያቋርጡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንን ያሳያል። በስብሰባው ላይ አንዲት እናታችን «ይሄ ፊልም ለልጆች መንገድ ያስተምራል» ብለዋል። እናቴ፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። መንገዱ እኮ በደጃችን ነው የሚያልፈው! የመተማ ልጅ ገላባት የት እንደሆነ ከፊልም አይማርም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሻንጣውን ተሸክሞ በዚሁ በር ሲገባ አይተን የለም ወይ?

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የመንደራችን ልጅ በረሃ ላይ ተይዞ ማስለቀቂያ ስናዋጣ ደረሰኝ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የሰጠውን ሁሉ አውቃለሁ፤ የጆሮዋን ወርቅ የሸጠችም አለች። ያ ልጅ ቪዲዮ ቤት ገብቶ አያውቅም። ደላላው ያገኘው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ነው። ታዲያ ሻይ ቤቱም ይዘጋ? ደላላው «እዚያ ገንዘብ ይታፈሳል» ብሎ ያወራል፤ እኛ ደግሞ «አትሂድ» ብለን እንቆጣለን። ደላላው ያላወራለትን፣ ጥሙንና ሬሳውን የሚያሳየው ማነው? ለአንድ ልጅ ማስለቀቂያ ካዋጣነው ገንዘብ እኮ ለመቶ ልጅ የፊልም መግቢያ ይወጣ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ቪዲዮ ቤቱን ብንዘጋ ልጁ በስልኩ ማየቱን አይተውም። ጥጉን ይዞ ብቻውን ያያል። ብቻውን ያየውን ደግሞ ማን ያርመዋል?

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ይህ ነው፦

1ኛ/ ቪዲዮ ቤቱ አይዘጋ፤ ነገር ግን ሕፃናት ከመሸ በኋላ አይግቡ፣ በትምህርት ሰዓትም አይከፈት።

2ኛ/ በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ደህና ፊልም ይመረጥ፤ በ«ሦስት ማዕዘን» ይጀመር። አባት ከልጁ ጋር ይግባ፤ ካለቀ በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገር።

3ኛ/ በረሃውን አይተው የተመለሱ ልጆች ፈቃዳቸው ከሆነ የደረሰባቸውን ይንገሩ። ማንም አይሳቅባቸው።

የማይስማማኝ ካለ ወረቀቱን ከሰሌዳው አይቅደድ፤ ከጎኑ የራሱን ይለጥፍ። እኔም አነባለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ